ኤድዊን ሃዋርድ አርምስትሮንግ

ኤድዊን ሃዋርድ አርምስትሮንግ (ከታኅሣሥ 10 ቀን 1883 ዓ.ም. እስከ ጥር 23 ቀን 1946 ዓ.ም.፤ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 18 ቀን 1890 እስከ ጃንዩዌሪ 31 ቀን 1954) አሜሪካዊ የኤሌክትሪክ መሐንዲስና የሬዲዮ ፈጠራ ባለቤት ነበር። ሦስት ትልልቅ ሥራዎች ከስሙ ጋር ይነሣሉ፦ የግብረ-መልስ ማጉያ፣ ሱፐርሄትሮዳይን የተባለው የሬዲዮ መቀበያ አሠራርና የኤፍ.ኤም. ሥርጭት። ከሦስቱ ውስጥ በኢትዮጵያ ገጠር ሰው እጅ ረጅም ዘመን የኖረው ሁለተኛው ነው። በመንዝ ማማ ምድር ወረዳ ዋና ከተማ በሞላሌ መርፌ ባለው ሬዲዮ የአጭር ሞገድ ጣቢያ የሚፈልግ ሰውም ሆነ ቁጥር በሚያሳይ ሬዲዮ የሚፈልግ ሰው የሚጠቀመው ይህንኑ የአርምስትሮንግን አሠራር ነው። ሁለቱ ሬዲዮዎች የሚለያዩት በመልካቸው የሚታየውን ያህል አይደለም፤ ልዩነቱ ከዚህ በታች በራሱ ክፍል ተብራርቷል።

አርምስትሮንግ የዕድሜውን እኩሌታ በፍርድ ቤት ክርክር ያሳለፈ ሰው ነው። በመጀመሪያው ትልቅ ክርክር ተረታ፤ በመጨረሻው ደግሞ የረታው ከሞተ በኋላ ነው።

ልጅነትና ትምህርት

የተወለደው በኒው ዮርክ ከተማ ነው። አባቱ ጆን የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የአሜሪካ ቅርንጫፍ ባልደረባ፣ እናቱ ኤሚሊ መምህርት ነበሩ። በልጅነቱ በያዘው ጽኑ ሕመም ምክንያት ሁለት ዓመት ከትምህርት ቤት ቀርቶ በቤት ውስጥ ተማረ። ሕመሙም በትከሻውና በአንገቱ ላይ ዕድሜውን ሙሉ ያልለቀቀው መንቀጥቀጥ ተወበት። ቤተሰቡ ከኒው ዮርክ በስተ ሰሜን ወደምትገኘው ዮንከርስ ከተዛወረ በኋላ በቤታቸው ግቢ ውስጥ 38 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የአንቴና ምሰሶ በገዛ እጁ አቆመ። ከፍታ ላይ መውጣት አያስፈራውም ነበር፤ ይህ ጠባዩ ወደፊትም ይነሣል።

ወደ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማረ፤ ከቤቱ ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚመላለሰው በቀይ ሞተር ብስክሌት ነበር። መምህሩ ታዋቂው የፊዚክስ ሊቅ ማይክል ፑፒን ነው።

የግብረ-መልስ ማጉያ

በዚያ ዘመን የሬዲዮ መቀበያ የሚይዘው ድምፅ እጅግ ደካማ ስለነበር በጆሮ ማዳመጫ ብቻ፣ ያውም በጭንቅ ይሰማ ነበር። ሊ ዲ ፎረስት የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1906 ኦዲዮን ያለውን ባለ ሦስት ጫፍ የቫኪዩም ቱቦ ሠርቶ ነበር፤ ቱቦው ግን እንዴት እንደሚሠራ ራሱም በትክክል አላብራራውም። አርምስትሮንግ ገና ተማሪ ሳለ ቱቦውን በመለኪያ መሣሪያ እየመረመረ አጠናው። እ.ኤ.አ. በ1912 ከቱቦው የሚወጣውን ምልክት ጥቂቱን መልሶ ወደ መግቢያው ቢሰጠው ምልክቱ ደጋግሞ እንደሚጎላ አወቀ። ግብረ-መልሱ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ቱቦው ራሱ ሞገድ ማመንጨት ይጀምራል። ስለዚህ አንዱ ግኝት ሁለት ነገር ሰጠ፦ መቀበያውንም ማሠራጫውንም።

አባቱ ትምህርቱን ሳይጨርስ ለፓተንት ማመልከቻ የሚሆን ገንዘብ አልሰጥም አለው። ወጣቱም የሥዕሉን ንድፍ ብቻ ይዞ ጃንዩዌሪ 31 ቀን 1913 (እ.ኤ.አ.) በውል አዋዋይ ፊት አስፈረመ። ማመልከቻውን ያስገባው ከተመረቀ በኋላ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር ነው፤ ፓተንቱን በ1914 አገኘ። እነዚያ የዘገዩ ወራት ዋጋ አስከፍለውታል፤ ዲ ፎረስት ግኝቱ ቀድሞ የእኔ ነበር ብሎ ተነሣ። ክርክሩ ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ፈጀ። ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ፍርድ ቤቱ በ1928ም በ1934ም ለዲ ፎረስት ፈረደ። የሙያው ሰዎች ግን ዳኞቹ የወረዳውን አሠራር ሳይረዱ ነው የፈረዱት ብለው ያምኑ ነበር፤ ዛሬም በአብዛኛው የሚታመነው ይኸው ነው። አርምስትሮንግ በ1934 ወደ ሬዲዮ መሐንዲሶች ማኅበር ጉባኤ ሄዶ ቀደም ሲል ለዚሁ ግኝት የተሸለመውን ሜዳሊያ ሊመልስ ቢነሣ፣ ማኅበሩ አልቀበልም ብሎ ክብሩን አጸናለት፤ ጉባኤተኛውም ቆሞ አጨበጨበለት። ፍርዱ ግን አልተለወጠም።

ሱፐርሄትሮዳይን

አሜሪካ ወደ መጀመሪያው የዓለም ጦርነት ስትገባ አርምስትሮንግ በመገናኛ ክፍል የሻምበልነት፣ በኋላም የሻለቃነት ማዕረግ ይዞ ፓሪስ ተመደበ። የገጠመው ችግር ይህ ነበር፤ የዚያን ጊዜ ቱቦዎች ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያለውን ሞገድ ደህና አድርገው ያጎላሉ፤ ድግግሞሹ ከፍ ሲል ግን ይደክማሉ። ከፍተኛውን ሞገድ እንዳለ ለማጉላት ከመታገል ይልቅ መጀመሪያ ዝቅ አድርጎ ከዚያ ማጉላት እንደሚቻል ያሰበው በ1918 (እ.ኤ.አ.) ነው።

ክራር የቃኘ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ሁለት ጅማቶች ለመስማማት ጥቂት ሲቀራቸው አብረው ቢመቱ በመካከላቸው ቀስ ያለ የድምፅ መወዛወዝ ይሰማል። የመወዛወዙ ፍጥነት የሁለቱ ድግግሞሽ ልዩነት ነው። አርምስትሮንግም መቀበያው ውስጥ አንዲት ትንሽ ሞገድ አመንጪ አስቀመጠ፤ ከአንቴና የሚመጣውን ሞገድ ከእርሷ ሞገድ ጋር አደባለቀና ልዩነቱን ብቻ ወሰደ። ልዩነቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት እንዲሆን ከተደረገ፣ ማጉያውም ማጣሪያውም ለዚያ ለአንዱ ድግግሞሽ ብቻ ተስተካክሎ ይሠራል። ሌላው ጣቢያ ሁሉ ውጭ ይቀራል።

በቁጥር ማየት ይቻላል። ብዙ ሬዲዮዎች የሚጠቀሙበት መካከለኛ ድግግሞሽ 455 ኪሎኸርዝ ነው። የኢትዮጵያ ሬዲዮ ለብዙ ዓመታት በተሰማበት በ9.705 ሜጋኸርዝ ያለ ጣቢያ ለማግኘት ውስጠኛዋ አመንጪ 10.160 ሜጋኸርዝ ላይ መሆን አለባት፤ ሁለቱ ሲቀናነሱ 0.455 ይመጣል። ስለዚህ አድማጩ መዘወሪያውን ሲያዞር በዋናነት የሚለውጠው የውስጥ አመንጪዋን ሞገድ ነው።

ይህ አሠራር አንድ የታወቀ እንከን አለው። ርካሽ ሬዲዮ ያለው ሰው አንዱን ጠንካራ ጣቢያ በሁለት ቦታ አግኝቶ ያውቅ ይሆናል። መርፌው 8.795 ላይ ሲቆም አመንጪዋ 9.250 ላይ ናት፤ ከ9.705 ጋር ሲቀናነስም ልዩነቱ ያው 0.455 ነው። ስለዚህ ጣቢያው ከእውነተኛ ቦታው 910 ኪሎኸርዝ ዝቅ ብሎ እንደ ጥላ ይሰማል። የተሻሉ ሬዲዮዎች ሞገዱን ሁለት ጊዜ በመለወጥ ይህን ጥላ ያስወግዳሉ።

የሱፐርሄት ክብርም ያለ ክርክር አላለፈም። ፈረንሳዊው ሉሲየን ሌቪ ተመሳሳይ ሐሳብ በ1917 (እ.ኤ.አ.) አስመዝግቦ ስለነበር ከብዙ ሙግት በኋላ ከአርምስትሮንግ የአሜሪካ ፓተንት አንቀጾች አብዛኞቹ ለእርሱ ተሰጡ። ጀርመናዊው ዋልተር ሾትኪም ለብቻው ወደዚያው ሐሳብ ደርሷል። ሐሳቡን በሥራ ላይ የዋለ መቀበያ ያደረገው ግን አርምስትሮንግ ነው።

መሣሪያው በአጭር ሞገድ ታሪክ የታወቀ ፈተና ያለፈው በዲሴምበር 1921 (እ.ኤ.አ.) ነው። አርምስትሮንግና የአሜሪካ ሬዲዮ ክበብ ጓደኞቹ በኮነቲከት ግዛት ግሪንዊች በምትባል ከተማ ማሠራጫ አቆሙ። ፖል ጎድሊ የተባለ አማተር ደግሞ ሱፐርሄት መቀበያ ይዞ ስኮትላንድ ሄደና በባሕር ዳርቻ ድንኳን ውስጥ ተቀመጠ። 230 ሜትር አካባቢ የሞገድ ርዝመት ያለው፣ ለረጅም ርቀት አይሆንም ተብሎ ለአማተሮች የተተወው ሞገድ አትላንቲክን ተሻግሮ ተሰማ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት መሐንዲሶች ወደ አጠሩ ሞገዶች ወረዱ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ጣሊያን ሊወር በተዘጋጀበት በመስከረም 1928 ዓ.ም. ከአቃቂ ጣቢያ ያሰሙት ንግግር አሜሪካ የደረሰውም በአጭር ሞገድ ነው።

መርፌና ቁጥር፦ የሁለቱ ቅኝቶች ልዩነት

በኢትዮጵያ ደጋ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ለብዙ ዓመታት ከሩቅ ወሬ የሚገኝበት ዋና መንገድ ነበር። ሬዲዮ ብሥራተ ወንጌል ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. እስኪወረስ ድረስ፣ ከአዲስ አበባ ያሠራጭ ነበር። የዶይቸ ቬለ የአማርኛ ክፍል በ1957 ዓ.ም.፣ የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ክፍል ደግሞ በ1975 ዓ.ም. ጀመሩ። የኤፍ.ኤም. ሞገድ በቀጥታ መስመር ስለሚሄድ ተራራና ገደል ያግደዋል፤ አጭር ሞገድ ግን ከከባቢ አየር የላይኛው ንብርብር ነጥሮ ስለሚመለስ የመንዝ ገደል አያስቆመውም።

መርፌ ባለው ሬዲዮ ውስጥ የአመንጪዋን ሞገድ የሚወስኑት ጥቅል ሽቦና ተለዋዋጭ ካፓሲተር ናቸው። መዘወሪያው ሲዞር የካፓሲተሩ ቅጠሎች እርስ በርስ ይገባባሉ ወይም ይለያያሉ፤ ሞገዱም አብሮ ይለወጣል። መርፌውን የሚጎትተው ከመዘወሪያው ጋር የታሰረ ክር ነው። ጥበቡ ቀላል ነው፤ ሆኖም ቦታው ይጠባል። ከ6 እስከ 18 ሜጋኸርዝ የሚሄድ ገበታ 8 ሳንቲሜትር ርዝመት አለው እንበል። እያንዳንዱ ሚሊሜትር 150 ኪሎኸርዝ ይይዛል። ጣቢያዎች በ5 ኪሎኸርዝ ልዩነት ስለሚመደቡ በአንድ ሚሊሜትር ውስጥ 30 ጣቢያ ሊኖር ይችላል፤ 31 ሜትር ተብሎ የሚጠራው ባንድ በሙሉ ደግሞ ከሦስት ሚሊሜትር ብዙም አይበልጥም። ሬዲዮውን በሁለት ጣት ጫፍ፣ ትንፋሽ ይዞ የሚቃኝ ሽማግሌ ዝም ብሎ ጥንቃቄ እያበዛ አይደለም።

ሌላው ችግር መንሸራተት ነው። ጥቅል ሽቦውና ካፓሲተሩ ከሙቀትና ከብርድ ጋር በመጠኑ ይለዋወጣሉ። የሞላሌን በመሰለ ደጋ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ የተቃኘ ሬዲዮ ማታ ብርዱ ሲገባ ከጣቢያው ሊወርድ ይችላል። ድንጋዩ እየደከመ ሲሄድም እንዲሁ ነው።

ቁጥር በሚያሳየው ሬዲዮ የአመንጪዋን ሞገድ የሚጠብቃት የኳርትዝ ክሪስታል ነው። ከክሪስታሉ የሚወጣው ድግግሞሽ እምብዛም አይናወጥም፤ ወረዳው የአመንጪዋን ሞገድ በተፈለገው ቁጥር አካፍሎ ከክሪስታሉ ጋር ያነጻጽራል፤ ፈቀቅ ባለች ቁጥር ይመልሳታል። ይህ ፌዝ ሎክ ሉፕ የተባለው ዘዴ መሠረቱ ፈረንሳዊው አንሪ ደ ቤልሲዝ በ1932 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመው ጥናት ነው፤ ወደ ቤት ሬዲዮ በብዛት የገባው ግን የተቀናጁ ወረዳዎች ከረከሱ በኋላ ነው። በ1980 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ሶኒ አይ.ሲ.ኤፍ. 2001 የጣቢያውን ቁጥር በቁልፍ ጽፎ ማግኘት ካስቻሉት ቀደምት የእጅ ሬዲዮዎች አንዱ ነው። ለኮምፒውተር ተማሪ የሚያስደንቀው፣ አድማጩ 9705 ብሎ ሲጽፍ በውስጥ የሚለወጠው አንድ የማካፈያ ቁጥር ብቻ መሆኑ ነው።

የትኛው ይሻላል ለሚለው አንድ መልስ የለም። የውጭ ጣቢያዎች የሞገድ ድልድላቸውን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በማርችና በኦክቶበር መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ይለውጣሉ፤ አዲሱ ቁጥር በሬዲዮ ሲነገር ዲጂታል ያለው ሰው ጽፎ ያገኘዋል፣ መርፌ ያለው በፍለጋ ያመሻል። በሌላ በኩል ባንዱን ከዳር እስከ ዳር ለመጥረግ መርፌው ይፈጥናል፤ ዲጂታሉ በየእርምጃው ድምፁን ቁርጥ ቁርጥ ያደርገዋል። ማፈኛ ሞገድ በአንድ ጣቢያ ላይ ሲለቀቅ፣ ለምሳሌ በ2002 ዓ.ም. የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ሥርጭት ሲታፈን እንደሆነው፣ መርፌውን ከጣቢያው መሐል በጣም ጥቂት ፈቀቅ ማድረግ አንዳንድ ጊዜ ንግግሩን ከጫጫታው ይለየዋል፤ በ5 ኪሎኸርዝ ብቻ የሚራመድ ዲጂታል ይህን አይችልም፣ በ1 ኪሎኸርዝ የሚራመደው ግን ይችላል። ከሁሉ በላይ ግን የድንጋይ ጉዳይ አለ። መርፌ ያለው ሬዲዮ ሲጠፋ ምንም አይበላም፤ ዲጂታሉ ግን ሰዓቱንና ማኅደሩን ለማቆየት ጠፍቶም በመጠኑ ይበላል። ድንጋይ ከከተማ ተገዝቶ በሚመጣበት አገር ይህ ከትንሽ ነገር አይቆጠርም።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሁለቱ ተደባልቀዋል። ከውጭ መርፌና መዘወሪያ ያላቸው፣ ከውስጥ ግን ሥራውን ሁሉ በአንድ ዲ.ኤስ.ፒ. ቺፕ የሚሠሩ ርካሽ ሬዲዮዎች በገበያ አሉ። እነርሱም ቢሆኑ መጪውን ሞገድ ከውስጥ አመንጪ ጋር አደባልቀው ዝቅ ካደረጉ በኋላ ነው ወደ ቁጥር የሚለውጡት።

ጋብቻና ሀብት

አርምስትሮንግ ከጦርነቱ ሲመለስ የግብረ-መልስና የሱፐርሄት ፓተንቶቹን ለዌስቲንግሃውስ በ335,000 ዶላር ሸጠ። ሱፐር-ሪጀነሬሽን የተባለውን ሌላ ወረዳ ለአር.ሲ.ኤ. በሸጠ ጊዜ ደግሞ ከገንዘቡ በተጨማሪ ብዙ አክሲዮን አገኘና ከኩባንያው ግለሰብ ባለአክሲዮኖች ሁሉ የበለጠ ድርሻ ያዘ። ከአር.ሲ.ኤ. ሹማምንት ዋነኛው ዴቪድ ሳርኖፍ ወዳጁ ነበር። በሳርኖፍ ቢሮ ጸሐፊ የነበረችውን ማሪዮን ማኪኒስን ሲያጫት በ1923 (እ.ኤ.አ.) በኒው ዮርክ ከፎቅ አናት ላይ በቆመው የአር.ሲ.ኤ. አንቴና ምሰሶ ጫፍ ወጥቶ ፎቶግራፍ ተነሣ። ሳርኖፍ ተቆጥቶ ወደ ሕንፃው እንዳይገባ ከለከለው፤ ፎቶግራፉ ግን ለማሪዮን ደረሳት። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ተጋቡ። የሰጣት ስጦታ በእጅ የሚያዝ ሱፐርሄት ሬዲዮ ነበር።

ኤፍ.ኤም. እና የመጨረሻው ክርክር

በመብረቅና በኤሌክትሪክ መሣሪያ የሚመጣው ጫጫታ የሞገዱን ከፍታ ይነካል፤ ድግግሞሹን ግን እምብዛም አይነካም። አርምስትሮንግ ድምፁን በከፍታ ለውጥ ሳይሆን በድግግሞሽ ለውጥ መላክን ለዓመታት አጠና፤ በዲሴምበር 1933 (እ.ኤ.አ.) የኤፍ.ኤም. ፓተንቶቹን አገኘ። ቀደም ብለው የተመለከቱት ሰዎች ሞገዱን ለማጥበብ ሲሞክሩ ዋጋ የለውም ብለው ትተውት ነበር። እርሱ አሰፋው፤ ውጤቱም ከጫጫታ የጸዳ ድምፅ ሆነ።

አር.ሲ.ኤ. በኢምፓየር ስቴት ሕንፃ ላይ ሙከራ እንዲያደርግ ቢፈቅድለትም በ1935 ቦታውን ለቴሌቪዥን ብሎ አስለቀቀው። በዚያው ዓመት በኖቬምበር፣ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ንግግር በተሰማ በሁለት ወር ውስጥ፣ በመሐንዲሶች ፊት የኤፍ.ኤም. ሥርጭትን በይፋ አሳየ። ከዚያም በራሱ ገንዘብ በኒው ጀርሲ ግዛት አልፓይን በምትባል ቦታ ከ120 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ማማ ገነባ። በ1940 አር.ሲ.ኤ. አንድ ሚሊዮን ዶላር በአንድ ጊዜ ሊከፍለው ጠየቀ፤ ሌሎች ኩባንያዎች በሽያጭ መጠን እየከፈሉ አር.ሲ.ኤ. ብቻ እንዴት በተለየ ሁኔታ ይከፍላል ብሎ እምቢ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፓተንቶቹን ለአሜሪካ ጦር ያለ ክፍያ ሰጠ።

በ1945 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን የኤፍ.ኤም. ባንድን ከ42–50 ሜጋኸርዝ አንሥቶ ወደ 88–108 አዛወረው። የነበሩት ማሠራጫዎችና መቀበያዎች በሙሉ ከጥቅም ውጭ ሆኑ። ዛሬ ኤፍ.ኤም. አዲስ በ97.1፣ ሸገር በ102.1 የሚገኙት በዚሁ በኋላ በዓለም በተለመደው ባንድ ውስጥ ነው፤ አርምስትሮንግን ግን ዝውውሩ ለኪሳራ ዳረገው። ኩባንያዎች ፓተንቱን ሳይከፍሉ እየተጠቀሙ ነው በማለት በጁላይ 1948 አር.ሲ.ኤ.ን እና ኤን.ቢ.ሲ.ን ከሰሰ። ጠበቆቹ ለዓመታት ሲያጉላሉት ገንዘቡም ጤናውም ተመናመነ። የፓተንቶቹ ዘመንም አለቀ።

በ1953 መጨረሻ ከማሪዮን ጋር ተጣልተው እርሷ ከቤት ወጣች። ጃንዩዌሪ 31 ቀን 1954 ሌሊት በኒው ዮርክ ከ13ኛ ፎቅ መኖሪያው መስኮት ወድቆ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። ዕድሜው 63 ነበር። የመጀመሪያ ንድፉን በውል አዋዋይ ፊት ካስፈረመበት ቀን ልክ 41 ዓመት ሆኖት ነበር።

ከሞቱ በኋላ

አር.ሲ.ኤ. በዚያው ዓመት መጨረሻ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር ጥቂት በሚበልጥ ገንዘብ ታረቀ። ማሪዮን ሌሎቹን ኩባንያዎች አንድ በአንድ ከሰሰች፤ የመጨረሻውን፣ የሞቶሮላን ክርክር፣ በ1967 (እ.ኤ.አ.) ረታች። የአልፓይን ማማ ዛሬም ቆሟል፤ የዓለም ንግድ ማዕከል ሕንፃዎች በሴፕቴምበር 2001 ሲፈርሱ በላያቸው የነበሩትን አንቴናዎች ያጡ የኒው ዮርክ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ለጊዜው ሥርጭታቸውን የቀጠሉት ከእርሱ ላይ ነው።